ሞቻለሁ ያለው ካሴት

ስልክ በየሰዉ ኪስ ከመግባቱ በፊት ቢቸና ላይ ካሴት እሸጥ ነበር። ሱቄ ጠባብ ስለነበረች ደንበኛ ሲበዛ እኔ እወጣለሁ። የባህል ዘፈን፣ መዝሙር፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ የሚሄደውን ሁሉ ይዣለሁ። ራፕ ወደ እኛ የመጣው በጆሮ ሳይሆን በዓይን ነው። መጀመሪያ ሰልባጅ ልብስ ገባ፤ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሱሪና ግንባሩን በጨርቅ ያሰረ አሜሪካዊ የታተመበት ካናቴራ። ካናቴራውን የገዙት ልጆች ሰውየው ማን እንደሆነ ጠየቁ። ዘፋኝ ነው ተባለ። እኔም ካሴቱን ከአዲስ አበባ በደጀን በኩል በሚመጣ አውቶብስ አስጫንኩ።

ሰውየው ሞቷል፤ በጥይት ነው አሉ። ሆኖም በየጊዜው አዲስ ካሴት ያወጣል። አከፋፋዬን ስለዚህ ብጠይቀው "ምን ቸገረህ፣ ይሸጣል" አለኝ። በሕይወት ያሉት ዘፋኞች ዓመት ሙሉ ቀጠሮ ሲሰጡኝ ይህኛው ከአፈር ውስጥ ሆኖ አላጓደለብኝም። ልጆቹም ሁለት ወገን ሆነው ይከራከሩ ነበር፤ አልሞተም የሚሉ አሉ፣ ሞቶም ይዘፍናል የሚሉ አሉ። እኔ ለሁለቱም ወገን ሸጫለሁ።

ከመካከላቸው አንዱ ገበያ ላይ ጌሾ ለሚሸጡ እናቱ አንድ ልጅ ነበር። ቅኔ ቤት ገብቶ ሳይጨርስ ወጣ፤ አስኳላም ገብቶ አሥረኛ ክፍል ላይ ወደቀ። ከቅኔ ቤቱ የተረፈው ሳይጽፍ በቃሉ ደርድሮ፣ ቆሞ መናገር ነበር። አንድ የገበያ ማግስት፣ ሱቁ ጭር ባለበት፣ አንድም ቃል የሌለበትን የራፕ ምት አስከፍቶኝ በላዩ ላይ በአማርኛ አወረደው። እኔ ቀዳሁ። እንደ አሜሪካዊው ከመቃብር ውስጥ ሆኖ ነበር የሚናገረው።

"ሞቻለሁ ስሙኝ፣ ለናቴ አትንገሩ፣
ሰሊጥ ነው አጥሩ፣ ሰሊጥ ነው ድንበሩ።"

"መጀመሪያ ኑርና" አልኩት።

"ራፕ እንዲህ ነው ጋሼ። የሞተ ሰው ማንንም አይፈራም።"

"ሰሊጡ ከየት መጣ? እዚህ ጤፍ ነው ያለው።"

ትንሽ አሰበ። "እንጃ። አፌ ላይ ልክ ሆኖ መጣ" አለኝ።

ክረምቱ ሲገባ መተማ ለሰሊጥ አረም ወረደ። የወረደ ዕለት ግጥሙ ላይ ሰሊጥ ማንሳቱ ትዝ አላለኝም።

እኔ ደግሞ ነጋዴ ነኝ፤ ካሴቱን አባዝቼ ሸጥኩት። አንዱን የሞጣ ሚኒባስ ሾፌር ወሰደው። የልጁ አክስት ከሞጣ ወደ ባሕር ዳር ሲሄዱ የተሳፈሩት በዚያው ሚኒባስ ነው። ያኔ ሱዳንም ሆነ ዐረብ አገር የሄደ ሰው ደብዳቤ ከመጻፍ ድምፁን ካሴት ላይ ቀድቶ ለቤተሰቡ በሰው እጅ ይልክ ነበር። ስለዚህ የዘመድ ድምፅ ከካሴት ከወጣ መልእክት ነው እንጂ ዘፈን ነው ብሎ የሚያስብ የለም። አክስትየው የእህታቸውን ልጅ ድምፅ ለዩ። ለሰሊጥ አረም መውረዱን ሰምተዋል፤ ድምፁ "ሞቻለሁ" ይላል፤ ሰሊጡንም ይጠራል። ሲያጣጥር ያስቀዳው ኑዛዜ ነው ብለው መንገድ ላይ ወረዱ። ሞጣ ተመልሰው ሽማግሌ ሰበሰቡ። በማግስቱ ማታ ቢቸና ገብተው ከዘመድ ቤት አደሩ፤ እንደ ወጉ ገና ሳይነጋ በእናትየው በር ላይ ቆመው መርዶውን ነገሩ።

እኔ ሱቅ ስከፍት ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲጎርፍ አየሁ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ስሰማ ካሴቱንና ቴፑን ይዤ ሮጥኩ። ዘፈን መሆኑን ካሰማኋቸው ነገሩ ያበቃል ብዬ ነው።

"አባቴ፣ ይሄ ራፕ ነው" አልኳቸው መርዶ ነጋሪውን ሽማግሌ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"የፈረንጅ ዘፈን ነው። በፍጥነት ያወሩበታል።"

"ሰው ሳይሞት ሞቻለሁ ይላል?"

"ይላል።"

"ስለምን?"

"እንዲሸጥ።"

ሽማግሌው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። "ጣቢያ ወስዶ የሚያሳስር ሥራ ነው የያዝከው" አሉ።

እናትየው ከሁለት ሴቶች መካከል ተቀምጠው "ክፈተው" አሉኝ። መብራት ስላልነበረ በድንጋይ ከፈትኩት። ድንጋዩ ደክሞ ኖሯል። ድምፁ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ ከእግራችን ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ወጣ። እኔ ራሴ የቀዳሁትን፣ የሳቅሁበትን ነገር አላወቅሁትም። ያለቀሰ አልነበረም። ደረት የሚመቱት እጆች ባሉበት ቆሙ። ቴፑ ቀጥ ሲል የመንደሩ አልቃሽ፣ አንዲት ቀጭን አሮጊት፣ ከጥጋቸው ተነሥተው ያንኑ ግጥም በሙሾ ዜማ ተቀበሉት። አንድ ጊዜ ነው የሰሙት፤ አንድ ቃል አላጎደሉም። ለሙሾ የተለካ ይመስል ልክ ገባ።

ከሰዓት በኋላ እናትየው ለቅሶውን በተኑ። "ልጄን ያየ የለም፤ የቀበረም የለም" ብለው ሰዉን አሰናብተው ብቻቸውን ሱቄ መጡ።

"አጥፋልኝ።"

"እናቴ፣ ምናልባት ክፉ ቢሆን፣ ሌላ ድምፅ የለዎትም።"

"ልጄ ካለ ድምፁን ይዞ ይመጣል። ከሌለም ይሄ የእሱ አይደለም። ሞት የሚጠራ ነገር አይቀመጥም።"

አጠፋሁት። እሳቸው ፊት ዝምታ ቀዳሁበት፤ ባዶውን ካሴት እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው አዳመጡ። የተሸጡትንም ከየቤቱ ለቀምኩ። ሞጣ ወርጄ ሾፌሩን ስጠይቀው ግን አሻፈረኝ አለ።

"ተሳፋሪ ይሄን ሲሰማ ጸጥ ይላል። በታሪፍ እንኳ አይጨቃጨቀኝም" አለ። በሠርግ ዘፈን ለወጥኩት፤ ሞጣ መንገድ ዳር ቆሜም ክሩን መዝዤ በጣጠስኩት።

ክረምቱ አልፎ አጨዳው እስኪያልቅ እናትየው ጥቁር አልለበሱም፣ ነጭም አልለበሱም። ገበያ ሲወጡ ሰው ጌሾአቸውን ይገዛል፤ ዓይናቸውን ግን አያይም። ኅዳር ላይ ልጁ ከአውቶብስ ወረደ። ወባ እንደ ሰም ቢጫ አድርጎታል፤ ሰፊው ሱሪ ደግሞ የባሰ ሰፍቶበታል። እናቱ ፊቱን ዳስሰው፣ ጆሮውን ዳስሰው፣ "ተናገር" አሉት። "እማ" ሲል ነው ያቀፉት።

ሲሻለው እኔ ዘንድ መጣ። "ካሴቴን ክፈትልኝ።"

የሆነውን ነገርኩት። ከመጀመሪያው ስንኝ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም። ልቅሶውን የተቀመጠ ሁሉ ቁርጥራጩን ያውቃል፤ ሙሉውን የያዙት ግን አልቃሿ ብቻ ናቸው። አብረን ሄድን። አሮጊቷ ደጃፋቸው ላይ ይፈትላሉ።

"እማማ፣ ግጥሜን ይንገሩኝ" አላቸው።

"አለ፤ አልጠፋም" አሉ አልቃሿ፣ ቀና ሳይሉ።

"እንግዲያው ይበሉልኝ።"

"ያንተ መች ሆነና። የልቅሶህ ነው። ቀኑ ሲደርስ እለዋለሁ።"

"ያኔ እኔ አልሰማው።"

"አንተማ ትተኛለህ" አሉና እንዝርታቸውን አሾሩ።

ስንመለስ ልጁ ሳቅ ብሎ "አርጅተዋል፤ ከእኔ ይቀድማሉ" አለኝ።

ከደጃፉ ስንወጣ የአሮጊቷን ሴት ልጅ አይቻት ነበር። ጓሮ ተቀምጣ ጥጥ እየፈለቀቀች፣ ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ "ሰሊጥ ነው ድንበሩ" ላይ ቤት እየደፋች፣ በልክ በልኩ። ለልጁ አልነገርኩትም።