ባለ ሰማያዊ ወንበሯ ሴት

በየበጋው ብሩክሊን ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለው የሰፈር አትክልት ቦታ የጥቁሮች የትግል ጃዝ በነጻ ሲቀርብ፣ ያቺ ሴት ሁላችንንም ቀድማ ትገኛለች። ስሟን የሚያውቅ የለም። ሰማያዊ ታጣፊ ወንበሯን ከጎመኑ መደብ አጠገብ ዘርግታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ እግሯን አፈሩ ላይ ታሳርፋለች። ፖሊስ ስለገደላቸው ልጆቻችን ሲዘፈን ሰው ሁሉ ጡጫውን ያነሳል፤ እሷ ዓይኗን ትጨፍናለች።

ባለቤቴ ቨርነን ትልቁን ባለ ክር ቤዝ ብቻውን መምታት ሲጀምር ግን "በለው!" ትላለች። አንዴ ብቻ፣ ልክ ቦታው ላይ። እሱም ፈገግ ይላል። ሠላሳ ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ፈገግ ያሰኘሁት መቼ ነው? እኔማ ሳጨበጭብ እንኳ ምቱን እስታለሁ።

ዘንድሮ ዝም አለች። አልዋሽም፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሲያልቅ ወንበሯን እያጠፈች ወደ እኔ ዞረች።

"እህቴ፣ ቤዝ የሚመታው ሰውዬ ግራ እጁን ያመዋል እንዴ?"

"ባሌ ደህና ነው" አልኳት፣ "ባሌ" የሚለውን ጫን አድርጌ።

"እንግዲያው አሳክሚው። ትንሿ ጣቱ አልታዘዝ ብላዋለች።"

ይህን ብላኝ ሄደች።

ቤት ስንገባ "ጣትህን ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምህ?" አልኩት።

ክው አለ። "ለማንም አልተናገርኩም። ማን ነገረሽ?"

"ጆሮ የለኝም እንዴ? ስትመታ ሰማሁት እንጂ!"

ቨርነን ትንሽ አየኝና ለእሷ ሲሰጣት የኖረውን ፈገግታ ሰጠኝ።