እስቲ አንጎራጉሪልኝ

አጎቴ ከማንም ጋር ማሲንቆ ሲጫወቱ መጀመሪያ «እስቲ አንጎራጉርልኝ» ይሉ ነበር። ማሲንቆ የሚቃኘው በሰው ድምፅ ነው ባይ ናቸው። ሌላ መንገድ ቢነግሯቸውም አይሰሙም።

አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ከአንዲት ኮሪያዊት ጋር መጀመሪያ መድረክ የወጡበት ቀን አይረሳኝም። ሴትየዋ የምትጫወተው ሄገም የሚባለውን ባለ ሁለት ክር የአገሯን ማሲንቆ ነው። የአክስቴ ልጅ በላፕቶፕ ቢት ያጅባቸዋል። ቢቱ ተጀመረ፤ አጎቴ ግን ደጋናቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ኖታው ስክሪኑ ላይ አለ፤ በእሱ ቱን ያድርጉ በላቸው» አለኝ። ነገርኳቸው።

«ለሳጥን አልቃኝም። እሷ ታንጎራጉርልኝ።»

አዳራሹ ሙሉ ነው። ሰዉ መንሾካሾክ ጀመረ። ያሉትን ስተረጉምላት ፊቷ ቀላ። ሰው ፊት ዘፍና አታውቅም። አጎቴ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ዓይኗን ጨፍና በቀጭኑ አንጎራጎረች። ጆሯቸውን ወደ እሷ ዘንበል አድርገው ክሩን ወጠሩ። የአክስቴ ልጅም ቢቱን አጥፍቶ ለእነሱ እንዲስማማ እንደገና አስተካከለው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ አብረው ተጫወቱ፤ ሁሌም የምትጀምረው እሷ ነበረች።

ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴን ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ማሲንቆው ክሩ ረግቦ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ፊቱ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያችኑ ድምፅ አንጎራጎረችና ጠበቀች።

ለቀስተኛው ሁሉ ጸጥ ብሎ አብሯት ጠበቀ።