የፈለቀች ተራ

ጎባ ያኔ ከተማ ለመባል ገና ብዙ ይቀራት ነበር። የሸዋ ጦር አገሩን ይዞ ከሰፈረ ወዲህ፣ ያገሬው ገበሬ ተገዶ ያቆማቸው ጎጆዎች፣ አንዲት የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን፣ ደግሞ የማይነሣ ጭጋግ፤ በቃ ይኸው ነበር።

ወለተኢየሱስና ፈለቀች ባሎቻቸውን ተከትለው ከሰላሌ የመጡት በአንዲት በቅሎ እየተፈራረቁ ነው። በቅሎዋ የወለተኢየሱስ ነበረች። አብዛኛውን መንገድ የተቀመጠችባት ግን ፈለቀች ናት።

«ውረጂ እንጂ፣ ተራዬ ደረሰ!» ስትላት፣

«እኔ እግሬ ከደከመ አፌም ይደክማል። ያኔ ማን ሊያስቅሽ ነው?» ትላለች።

ወለተኢየሱስም እየሳቀች በእግሯ ባሌ ገባች።

ፈለቀች ሰውን መምሰል ተክናበት ነበር። የአምሳ አለቃው ሚስት ወይዘሮ ሠርከአዲስ ቀሚሳቸውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ጭቃ ሲሻገሩ፣ አባ ተክለማርያም ዳቦ ሊባርኩ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ አንድ ዓይናቸውን ወደ ጠላው ጋን ሲልኩ፣ ቁርጥ እነሱን ነው የምትሆነው። አንድ ቀን አባ በአጥሩ ሲያልፉ ድምፃቸውን ከውስጥ ሰምተው ቀጥ አሉና፣ «እኔ እዚህ ቆሜ፣ እዚያ የሚባርከው ማነው?» አሉ።

ሴቶቹ የማርያም ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ አንዷ ትደግሳለች፤ ሲበላና ሲጠጣ ውሎ፣ በጨርቅ የተጠቀለለው ጽዋ ለቀጣይዋ ተረኛ ይሰጣል። ዘመድ በሌለበት አገር ጽዋ ተቀብሎ ቤት መግባት ሰው መባል ነው። ፈለቀች ተራዋ እስኪደርስ ጌሾዋን ወቅጣ፣ ጋኗን አጥና ጠበቀች።

ጽዋውን በምትቀበልበት ቀን እንደ ልማዷ ጨዋታ አመጣች። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ደሎ ዘብ ላይ ያለውን ባሏን ደጀኔን ልታይ ከቡና ነጋዴዎች ጋር የሳነቴን ተራራ ስትሻገር በረዶ ወርዶባት ነበር።

«ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ፣» አለች፣ «ሃዳ ኡመር የሚሏት የሪራ ሴትዮ ጎትታ እሳት ዳር ጎለተችኝ። ‹ኛዱ! ኛዱ!› ትለኛለች፣ ብይ ማለቷ ነው። የበግ ሥጋ ከነመረቁ! እኔም ማተቤን እንዲህ አድርጌ ወደ ጀርባዬ አዞርኳት፣ ስበላ እንዳታይ!»

ወለተኢየሱስ ብቻዋን ሳቀች። ሌሎቹ ከፈለቀች ፈቀቅ አሉ። በዚያ ዘመን እስላም ያረደውን የበላ ክርስቲያን ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ነው የሚቆጠረው። ፈለቀች ይህን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም፤ ሳቅ የማይሻገረው ነገር ያለ አልመሰላትም ነበር።

«ጽዋውን አሳልፉት» አሉ ሠርከአዲስ።

«እሜቴ፣ ተራው እኮ የእሷ ነው!» አለች ወለተኢየሱስ።

«ተራ ለክርስቲያን ነው።»

ጽዋው በፈለቀች ጉልበት ላይ አልፎ ከጎኗ ላለችው ተሰጠ።

አባ ንስሐ ሰጧት፤ ጾሙንም ስግደቱንም ጀመረች። ሴቶቹ ግን ከዚያ ቀን ወዲያ አላወቋትም። ጠዋት እሳት ልትጭር ስትሄድ በር ይዘጋባታል። እሳት የሚሰጣት የወለተኢየሱስ ቤት ብቻ ሆነ። ፈለቀች መች ትተዋለች፣ እዚያ ገብታ ደግሞ ትጫወትበታለች፦ «‹እሳታችን ጠፍቷል› አለችኝ እኮ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት!» ሁለቱም ምድጃው ዳር ይንከባለላሉ።

ወሩ ሲገፋ ግን ጨዋታዋ አነሰ። ሰው ካልቀረባት ማንን ትምሰል? በሰኔ፣ አንድ ጭጋጋማ ማለዳ፣ ፈለቀች በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች።

ደጀኔ ከደሎ ሳይመለስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ አንድ የኮሶ ዛፍ ሥር ቀበሯት። ፍትሐት የለ፣ ለቅሶ የለ። «ለእሷ ያለቀሰች፣ ስሟንም ያነሣች ከማኅበሩ ትውጣ» አሉ ሠርከአዲስ። ወለተኢየሱስ እንባዋን ዋጠችው። ለጓደኛዋ እንደ ሰው፣ ከሰው ጋር፣ ድምፅ ከፍ ተደርጎ እንዲለቀስላት ብቻ ነበር ምኞቷ። ምን ታድርግ፣ ብቻዋን ምን ለቅሶ ይሆናል?

በኅዳር ተራው የወለተኢየሱስ ሆነ። ለድግሱ ገበያ ወጥታ ሳለች፣ ማር የያዘች ሴት «ፈለቀች ኤሳ ጂርቲ?» እያለች ሰው ስትጠይቅ ሰማች። ፈለቀች የት አለች ማለቷ ነው። የሪራዋ ሃዳ ኡመር ነበረች። ወለተኢየሱስ በተሰባበረ ኦሮምኛዋ ስትነግራት፣ ሴትዮዋ ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ በገበያው መሐል ጮኻ አለቀሰች። ስትነሣ ማሩን ሰጠቻት፤ ለፈለቀች ያመጣችው ነበር።

ወለተኢየሱስ በማሩ ብርዝ አድርጋ ለማኅበሩ አቀረበች። አባ ቀመሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ይህ ማር የየት አገር ነው ልጄ?»

«የፈለቀች ነው፣ አባቴ።»

ሠርከአዲስ ዋንጫቸውን ቁጭ አደረጉ። «ይህን ስም አታንሺ አላልኩም?»

ወለተኢየሱስ ብድግ አለች። በዕድሜዋ ማንንም መስላ አታውቅም። ጉሮሮዋን ጠረገችና አንድ ዓይኗን ወደ ጋኑ ላከች። እንደ ታመመች ዶሮ ሆነች። አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች። ቀሚሷን በሁለት ጣት አንጠልጥላ ጭቃ ተሻገረች፤ ሌሎቹም አፋቸውን በነጠላ ያዙ። በመጨረሻ ማተቧን ወደ ጀርባዋ አዞረችና፣ «እንዳታይ!» አለች።

ያኔ ያልተሳቀው ሳቅ ያን ቀን ቤቱን ሞላው። አባ ሳይቀሩ ሳቁ። ከዚያ ከሳቁ መሐል አንዲት ሴት «ወይኔ ፈለቄ!» አለች፤ ሳቁም በአንዴ ለቅሶ ሆነ።

«አባ፣ ያስቁሟቸው እንጂ!» አሉ ሠርከአዲስ።

አባ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «እሜቴ፣ ፍትሐቱን ሥርዓት ይከለክለኛል። እንባውን ግን የከለከሉት እርስዎ ነዎት እንጂ እኔ አይደለሁም።»

ሴቶቹ ነጠላቸውን አሸርጠው ተነሡ። ደረታቸውን እየመቱ፣ ስሟን እየጠሩ፣ ወጓን እያነሡ ደግሞም እየሳቁ አለቀሱላት። ወለተኢየሱስ ከሰኔ ጀምሮ የዋጠችውን ሁሉ አወጣችው። ጽዋው የሚሰጥበት ሰዓት ሲደርስም ለማንም አልሰጠችም።

«የሚቀጥለው የፈለቀች ተራ ነው፣ ታልፎባታል። ድግሱን እኔ እይዝላታለሁ» አለች።

ማንም አልተቃወመም። ሠርከአዲስ ብቻ ተነሥተው ወጡ። ሴቶቹ እንባቸውን እየጠረጉ በሩ ላይ ተደርድረው አዩዋቸው፤ ቀሚሳቸውን በሁለት ጣት አንጠልጥለው ጭቃውን ሲሻገሩ።

ወለተኢየሱስ ራሷን ነቀነቀች።

«አይ፣» አለች፣ «ጭቃ መሻገሩንስ ፈለቀች ትበልጣቸዋለች።»