የአዴ ወርቂቱ ሰርቨር

ሥራ የገባሁ ቀን ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ኮተቤ የነበረው የኮምፒውተር ጥገና ቤት ባለቤት ጋሽ ተፈራ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ይህን ለእሁድ አስቀምጪው» ብለው የቀለም ብሩሽና ብሎወር አስጨበጡኝ። ዲፕሎማዬን አይተው ካቻቢቴ የሚሰጡኝ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሣጥን ከፍቼ ስነፋው ሸሚዜ ግራጫ ሆነ።

«ሰው ሁሉ ቫይረስ ቫይረስ ይላል» አሉኝ ቆመው እያዩኝ። «እኔ ያየሁት ግን አብዛኛው ማሽን ታፍኖ ነው የሚሞተው። ማሽን ይተነፍሳል። ምንም ከመንካትሽ በፊት መተንፈሻውን እዪ።»

በልቤ ሙልጭ አድርጌ ሰደብኳቸው። ለብሩሽ ነው እንዴ የተማርኩት?

በዚያ ቤት ማዕረግ ነበረን። ጀማሪ አቧራ ያራግፋል። ቀጥሎ ያለው ፈቺ ነው፤ ብሎን ይፈታል፣ የፈታውን በየተራው ጨርቅ ላይ ይደረድራል። ከሁሉም በላይ መርማሪ አለ። መርማሪው «ያመመው እዚህ ጋ ነው» ሳይል ፈቺ አንድ ብሎን አይነካም። እኔ ከብሩሽ ተነሥቼ መርማሪ ሆኛለሁ። ጋሽ ተፈራ ጡረታ ሲወጡም መሪ ሰፈር፣ ከኮንዶሚኒየሙ ሥር የራሴን ሱቅ ከፍቻለሁ። ደንበኛ ገብቶ «ባለሙያው የለም?» ሲለኝ «እያናገርካት ነው» እላለሁ። እስከ ዛሬ ይህን ስል ደስ ይለኛል።

የቢሮም የትምህርት ቤትም ሥራ ብዙ ሠርቻለሁ። የምትኮሪበት የቱ ነው ብትሉኝ ግን አያት ሰፈር፣ አንድ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው።

ያመጣው ለማ የሚባል የመንግሥት ሠራተኛ ነው። በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በባጃጅ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈው።

«ቪዲዮዎቹን ፍላሽ ላይ ገልብጪልኝና ሣጥኑን ለቆራሌ ስጪው» አለኝ።

«የምን ቪዲዮ ነው?»

«የቤተሰብ። ሥራ እንደያዝኩ ካሜራ ገዝቼ ያገኘሁትን ሁሉ እቀርጽ ነበር። የድሮ ቀዬአችንን፣ አውድማውን፣ የእህቴን ሰርግ። አባቴም አለበት።»

አባቱ ኦቦ ደበላ አርፈዋል። ቀዬአቸው የነበረው በየካ በኩል ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ነው፤ አሁን አስፋልትና ፎቅ ሆኗል። እናቱ አዴ ወርቂቱ ደግሞ ወድቀው ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ አይወርዱም። የድሮውን ቀዬ የሚያዩት በዚህ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ እሱንም ለማ ከሥራ መጥቶ ሲከፍትላቸው።

ለማ እዚያው ደውሎ አገናኘኝ። «ልጄ» አሉኝ አዴ ወርቂቱ፣ «ባሌን ለማየት ልጄን መለመን ሰለቸኝ። ደክሞት ነው የሚመጣው። እባክህ ክፈትልኝ ማለት ያሳፍረኛል። በገዛ እጄ የምከፍተው ነገር አርጊልኝ።»

ፍላሽ ላይ ብገለብጠው የቤታቸው ቴሌቪዥን የፋይል ስም ደርድሮ ያሳያል፤ አዴ ማንበብ አይችሉም። ስልኩን ዘግቼ ለማን «ይኼ ለቆራሌ አይሄድም፤ ሰርቨር አደርገዋለሁ» አልኩት።

ሳቀ። «ዕድሜው ከልጄ ይበልጣል እኮ!»

«ዕድሜው ምን አደረገህ? ሰርቨር ማለት ትልቅ ነገር አይደለም። ጥግ ይቀመጣል፤ ስክሪንም ኪቦርድም አይፈልግም። ቪዲዮውን ይዞ ይጠብቃል፤ ቴሌቪዥኑ ሲጠይቀው ይሰጠዋል። ኢንተርኔት እንኳ አይጠይቅም።»

መጀመሪያ ቪዲዮዎቹን ሁሉ ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ፤ ቅጂ ሳይኖረኝ ብሎን አልፈታም። ቀጥሎ ብሩሽና ብሎወር። በፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን የሙቀት ቅባት ጠርጌ አዲስ ቀባሁ፣ የሚንጫጫውን ፋን ቀየርኩ፣ ከመሳቢያዬ ሚሞሪ ፈልጌ ጨመርኩለት፣ ለአሮጌ ማሽን የሚቀለውን ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት ጫንኩበት። መብራት ሄዶ ሲመጣ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲነሣም አስተካከልኩት። በእኛ ከተማ ይህን የማያውቅ ሰርቨር፣ ሰርቨር አይባልም።

ከሁሉም የኮራሁት ግን በሽፋኖቹ ነው። ከእያንዳንዱ ቪዲዮ አንድ ምስል መርጬ ፊት ለፊቱ ላይ አደረግሁለት። ለአውድማው ቀዩ በሬ፣ ለሰርጉ የሙሽራዋ መኪና፣ ኦቦ ደበላ ልጆቻቸውን ሲመርቁ ለተቀረጸው የራሳቸው ፊት። አዴ በሬውን አይተው መጫን ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

ወስጄ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አቆምኩት፤ ከቴሌቪዥኑ ጋር በሚያገናኘው ራውተር ላይ በገመድ ሰካሁትና ሪሞቱን ለአዴ ሰጠኋቸው። የባላቸውን ፊት መርጠው ተጫኑ። ኦቦ ደበላ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመው በኦሮምኛ ይመርቃሉ። አዴ በየመሐሉ አሜን ይላሉ። እኔ ኦሮምኛ አልችልም፤ አሜን ግን አልኩ። ደረጃውን ስወርድ ማንም በሠራው ሥራ እንደ እኔ የኮራ አይመስለኝም ነበር።

ብዙም አልቆየ፣ ለማ ደወለ። «ሞተ።»

ሄድኩ። ማብሪያውን ስነካው ተነሣ። ከፈትኩት፣ ፈተሽኩት፣ ምንም የለበትም። ገና መሪ ሳልደርስ ስልኬ ጮኸ፤ ማሽኑ ደግሞ ሞቷል። ሱቅ አምጥቼ ቀኑን ሙሉ ሳጫውተው አንዴም አልጠፋም። አያት ስመልሰው ግን ያው ሆነ።

«እህቴ፣ ነግሬሽ ነበር። አርጅቷል» አለኝ ለማ። «ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከጠፋ አውጥቼ እጥለዋለሁ። በስልኬ አሳያታለሁ።»

አዴ ሰምተው ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ተመልሰው የልጃቸውን ከሥራ መምጣት ሊጠብቁ ነው። ያ መዞራቸው ከለማ ንግግር ይልቅ አንገበገበኝ፤ መርማሪ ነኝ እያልኩ ያመመውን ማወቅ አቃተኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ሌላ ሥራ ወደ አያት ወሰደኝና ሳልደውል ጎራ አልኩ። በሩን ጎረቤታቸው ከፈተችልኝ። ገብቼ ብመለከት ሰርቨሬ የለም። በቦታው ከአናቱ እስከ ወለሉ ነጭ ዳንቴል የለበሰ ነገር ቆሟል፤ ላዩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተቀምጧል። ዳንቴሉ ከውስጥ ወፍራም የጨርቅ ገበር አለው። ገልጬ እጄን ባሳርፍ ይፋጃል።

«አዴ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ልብሱ ነዋ!» አሉኝ ተገርመው።

«እኔ ስመጣ ግን ለብሶ አይቼው አላውቅም።»

«አንቺ ልትመጪ ስትይ አወልቅለታለሁ፤ በሥራ እጅሽ እንዳታቆሽሽብኝ። ስትሄጂ መልሼ አለብሰዋለሁ።»

ሳቄም ንዴቴም አንድ ላይ መጣብኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የመረመርኩት ልብሱን ያወለቀ ማሽን ነው! በየቤቱ ቴሌቪዥኑም ሶፋውም ዳንቴል እንደሚለብስ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የእናቴም ቤት እንዲሁ ነው።

«ይታፈናል አዴ። ሲግል እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያጠፋል። ይውለቅለት እባክዎ።»

«የደበላ ድምፅ ያለበትን ዕቃ ራቁቱን ላቁመው?»

ጋሽ ተፈራ ለዚህ የሚሆን አላስተማሩኝም። ስለዚህ የተማርኩትን አደረግሁ፤ መተንፈሻውን አሳየኋቸው። ከፊት አየር ይስባል፣ ከኋላ ያስወጣል። እጃቸውን ይዤ ከኋላው አስጠጋሁት። ሙቀቱ መዳፋቸውን ሲነካው ፊታቸው ተለወጠ።

«ውይ፣ አፍኜው ኖሯል!» አሉ። ላዩን ዳሰሱና «አናቱስ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አናቱ ድፍን ነው፤ በዚያ አይተነፍስም።»

«እንግዲያ ቆብ ይበቃዋል። ቆብ ያደረገ ሰው አይታፈንም።»

ኪሮሻቸውን አንሥተው ለአናቱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ዳንቴል ሠሩለት። አበባው እዚያው ቀረ። ማሽኑ ከዚያ ወዲህ በራሱ ጠፍቶ አያውቅም።

ከጊዜ በኋላ ለማ ሱቄ መጣ። በሩ ላይ ሳየው ብርድ ልብሱን የያዘ መስሎኝ ልቤ ድንግጥ አለ። እጁ ግን ባዶ ነው።

«ትናንት ከሥራ ገብቼ እንደ ልማዴ ‹እማዬ፣ ልክፈትልሽ?› አልኳት» አለኝ። «እጇን አንሥታ ዝም አሰኘችኝ። ‹ቁጭ በል፤ አባትህ እየመረቀህ ነው› አለች።»

«አንተስ?»

«ቁጭ አልኩ።»

በዚህ ሙያ ያላችሁ ልጆች፣ ማሽን ሱቃችሁ ውስጥ ስለሠራ ተጠግኗል አትበሉ። የሚኖርበት ቤት ሄዳችሁ እዩት። አንዳንዴም ሳትደውሉ ሂዱ።