የተዘለለችው መስመር

ጎረቤቶቿ «ሊቋ» ይሏታል። ሊቅነቷ ለራሷም ያስቃታል፤ የአገሩን ቋንቋ የለቀመችው ልብስ ከምትተኩስበት ላውንደሪ፣ ከሸሚዝ አንገት ጽሑፍና ከአለቃዋ ስድብ ነው። ያም ሆኖ በምትኖርበት ሕንፃ ካሉት ስደተኞች መሀል ፊደሉን የምትለየው እሷ ብቻ ነበረች። ወረቀት በመጣ ቁጥር በሯ ይንኳኳል። «አላውቅም» ብላ የመለሰችው ሰው የለም።

ወረርሽኙ ገብቶ ላውንደሪው የተዘጋ ሰሞን፣ ከጤና ቢሮ የመጣ ወረቀት በየበሩ ሥር ተወረወረ። ጎረቤቱ ደረጃው ላይ ተኮልኩሎ አፍ አፏን ያያል። «ከታመማችሁ ከቤት አትውጡ፤ ሆስፒታል አትሂዱ» የሚለው ገባት። ከሥሩ በደማቁ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ቃል አታውቃቸውም። ሰው ፊት መንተባተብ አሳፈራትና ዘለለችው።

«በቃ፣ ይኸው ነው» አለች።

በሳምንቱ የእህቷ ባል ታመመ። በያጅ ነው፤ ሁለቱንም እህትማማቾች ለፍቶ ያስመጣቸው፣ ሊቋም እንደ አባት የምታየው ሰው። በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ተናግሮ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ያርፍ ጀመር።

«ሆስፒታል እንውሰደው» አለች እህቷ።

«እትዬ፣ አትሂዱ ነው እኮ የሚለው!»

እሱም ከትራሱ ቀና ሳይል «ሊቋ... ካለች... አለች ነው» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ከንፈሩ ጠቆረ። ያን ጊዜ ያቺ የዘለለቻት መስመር ትዝ አለቻት። ወረቀቱን ይዛ ታች ወዳለው ፋርማሲ በረረች፤ ከመስታወቱ ማዶ ላለችው ፋርማሲስት ሁለቱን ቃላት በጣቷ አሳየቻት። ፋርማሲስቷ ብትነግራት፣ ደግማ ብትነግራት አልገባት አለ። በመጨረሻ ፋርማሲስቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቁና ቁና ተነፈሰች፤ ከዚያ ግርጌ ላይ ያለውን ስልክ ቁጥር በጥፍሯ መታ መታ አደረገችው።

ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው ደውሉ። ይኸው ነበር።

እዚያው መስታወቱ ሥር ቆማ ደወለች። አምቡላንሱ ሩብ ሰዓት እንኳ አልፈጀበትም።

ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪሙ ደወለ። እህቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ዓይን ዓይኗን ታያለች። ያን ቀን፣ ያለወትሮው፣ እያንዳንዱ ቃል ቁልጭ ብሎ ገባት።

«ምን አለ? ንገሪኝ እንጂ!»

«ጋሼ... አረፈ።»

እህቷ ስልኩን እያየች «ሌላስ? ብዙ ነው ያወራው» አለች።

ብትዋሽ ማን ያውቅባታል? «ሁለት ቀን ቀድሞ ቢመጣ ይተርፍ ነበር አለ። እትዬ፣ ወረቀቱ ላይ ነበረ። ሳይገባኝ አፍሬ ዘለልኩት።»

እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በማግስቱ ሊቋ በየበሩ እያንኳኳች ያቺን መስመር ለሁሉም ነገረች። ሁለተኛ ፎቅ ላሉት ሽማግሌ በዚያው ቀን ተደውሎላቸው ተረፉ፤ ልጆቻቸው መርቀው አልጠግብ አሏት። ምርቃቱ ግን ጆሮዋ አልገባም።

እህትማማቾቹ ዛሬም አንድ ክፍል ይተኛሉ፣ ከአንድ ሳህን ይበላሉ። ደብዳቤ ሲመጣላት ግን እህቷ አጣጥፋ ጡቷ ሥር ትሸጉጠዋለች፤ ከዚያ ወርዳ፣ ቋንቋዋን ለማይሰማው የሕንፃው ዘበኛ በምልክት እንዲያስረዳት ትሰጠዋለች።