የዓይን ክሊኒኩ የድሮ ቀጠሮዎች

በክሊኒኩ ሠራተኞች ስልክ ላይ የተመዘገበችው «ኮምፒውተሯ» ተብላ ነው። ሲደውሉላትም «ሃሎ ኮምፒውተሯ፣ ዛሬም እምቢ አለን» ይሏታል። የዓይን ክሊኒኩን ድረ ገጽ የሠራችው እሷ ናት፤ የምትጠብቀውም እሷው። ታካሚዎች በዚያ ገጽ ቀጠሮ ይይዛሉ፤ ቀኑ ሲቃረብ በስልካቸው አስታዋሽ መልእክት ይደርሳቸዋል። ይህን ሁሉ የምትሠራው ከተከራየቻት አንድ ክፍል ሆና ነው። ክሊኒኩን በዓይኗ ያየችው ውል ስትፈርም ብቻ ነበር፤ ያኔ የነበሩት ሠራተኞች ደግሞ ዛሬ የሉም።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር፣ አልጋው ከወንበሩ ጀርባ። ቀኑን ሙሉ ቃል ሳትተነፍስ ውላ አመሻሽ ላይ ባለሱቁን «ዳቦ አለ?» ስትለው ድምጿ ጎርነን ብሎ ይወጣና ራሷ ትደነግጣለች። እናቷ ካረፉ ወዲህ የቀረቻት ታላቅ እህቷ ብቻ ናት፤ እሷም ከባሏና ከልጆቿ ጋር ሌላ ከተማ ትኖራለች። ተጣልተው አይደለም። አንዷ «ሥራ ይዟት ይሆናል» ስትል፣ ሌላዋም እንዲሁ ስትል፣ ሳይደዋወሉ ከረሙ።

አንድ ጠዋት የክሊኒኩ እንግዳ ተቀባይ ደወለች።

«ኮምፒውተሯ፣ ድረ ገጹ ጭራሽ የለም! ነጭ ነገር ነው የሚያሳየኝ።»

«ምንም አልነካሽም?»

«ኧረ ሙች፣ ምን ልነካ!»

እውነቷን ነበር። ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር ተበላሽቶ የያዘውን ሁሉ አጥፍቷል። የሰርቨሩ አከራዮች ባዶ ቦታ ሰጥተው «ባክአፕ ካለሽ መልሺው» አሏት። ባክአፕስ፣ ማለት መጠባበቂያ ቅጂ፣ ነበራት። የመጨረሻውን ስትከፍተው ግን ሲቀዳ ግማሽ ላይ ተቋርጦ ኖሮ አልከፈትም አለ። ደህና ሆኖ የተገኘው ከዓመት በላይ የቆየ ቅጂ ነበር። ምን ታድርግ፣ እሱኑ ጫነችው።

መጀመሪያ «ከዳታቤዙ ጋር መገናኘት አልተቻለም» አለ። ቅጂው መረጃው ለሚቀመጥበት ዳታቤዝ የድሮውን የይለፍ ቃል ይዞ መጥቶ ነበር፤ በአዲሱ ተካችለት። ገጹ ተከፈተ፤ ግን ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ብቻ። የሐኪሞቹ ስም የጥያቄ ምልክት፣ የሥራ ሰዓቱ የጥያቄ ምልክት፣ «እንኳን ደህና መጡ» የነበረበት ቦታ ሳይቀር የጥያቄ ምልክት። «ምን አርጊ ነው የምትለኝ?» አለችው ስክሪኑን። አዲሱ ዳታቤዝ ሲፈጠር የላቲን ፊደል ብቻ እንዲቀበል ተደርጎ ነበር። አጠፋችው፤ ሁሉንም ፊደል እንዲቀበል አድርጋ እንደገና ፈጠረችው፤ መረጃውንም ከቅጂው ዳግም አስገባችበት። ፊደሉ ተመለሰ። ፎቶዎቹ ደግሞ ባዶ ሳጥን ሆነው ቀሩ፤ ያሉበት ፎልደር ተቆልፎባቸው ነበርና ከፈተችላቸው። ከቀትር በኋላ ገጹ ሙሉ ሆነ። «ተመለሰልኝ!» ብላ ጮኸች። የሰማት የለም።

አንድ ነገር ግን ዘንግታ ነበር። ድረ ገጹን ሥራ ከማስጀመሯ በፊት መልእክት የሚልከውን ክፍል ማቆም ነበረባት። ቅጂው በተወሰደበት ቀን ገና ያልተላኩ አስታዋሾች በውስጡ ተቀምጠዋል። ገጹ እንደነቃ የዓመት ዕድሜ ያላቸውን ቀጠሮዎች «ነገ ጠዋት የዓይን ምርመራ ቀጠሮ አለዎት፤ እንዳይቀሩ» እያለ ለባለቤቶቻቸው በተናቸው። ከሥሩ ያለው የመጠየቂያ ስልክ ደግሞ የራሷ ነበር። ቅጂው በተወሰደ ጊዜ ለሙከራ ብላ ያስገባችው፣ ኋላ በክሊኒኩ ቁጥር የተካችው ነው።

ጭጭ ብሎ የሚውለው ስልኳ ፋታ ነሳት።

«የምን ቀጠሮ ነው? ዓይኔን ከታከምኩ ስንት ዘመኔ!»

«እናንተ ሰዎች፣ ሰው አርፎ እንዲሠራ አትፈቅዱም?»

መላኪያውን አቁማ ለደወለው ሁሉ «ይቅርታ፣ የኮምፒውተር ስህተት ነው» ስትል አመሸች። መሃል ላይ አንድ ቀስ ያለ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«የዓይን ሐኪም ቤት ነው?»

«አዎ አባባ። ስለ መልእክቱ ከሆነ...»

«ለሱ ነው የደወልኩት ልጄ። ስላስታወሳችሁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ያኔ የሚያደርሰኝ አጥቼ ቀረሁ። እናንተም ረስታችሁኛል ብዬ ተውኩት።»

«ስህተት ነው» ማለቱን ልትተወው ነበር። ሆኖም ነገ ሄደው ስምዎ የለም ቢባሉስ?

«አባባ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ያስታወሰዎት ሰው አይደለም። ማሽኑ ተሳስቶ የድሮውን ነው የላከው።»

ከወዲያ ሬዲዮ ይሰማል።

«አሃ» አሉ ሽማግሌው። «ታዲያ ልምጣ ወይስ ይቅርብኝ?»

«ይምጡ እንጂ! እኔ ራሴ አስይዝልዎታለሁ። የትኛው ዓይንዎ ነው?»

«ግራው ጨለም ይልብኛል።»

ስለ ዓይናቸው ጀምረው ስለ ቤታቸው ደረጃ ብዛት፣ የሰፈር አውቶቡስ ከቀረ ወዲህ ከቤት ስላለመውጣታቸው ሁሉ አጫወቷት። ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ «አንቺማ ታድለሽ፣ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ነሽ» አሏት።

«አዎ» አለች።

ወዲያው ለእንግዳ ተቀባይዋ ደውላ ለሽማግሌው የነገ ጠዋት ተራ አስያዘች። የዘንድሮ ቀጠሮዎች ባክአፑ ውስጥ ስለሌሉ ከታካሚዎቹ ካርድ መገልበጥ ነበረባት፤ ለዚያ ራሷ መሄድ ግድ ሆነ። በማግስቱ ሽማግሌውንም አገኛቸዋለሁ ብላ ደህና ልብሷን ለበሰች። አውቶቡሱ ግን አዘገያትና ክሊኒኩ ስትደርስ ረፍዶ ነበር።

«እህቴ፣ ተራ ይዘሻል?» አለቻት እንግዳ ተቀባይዋ።

«ኮምፒውተሯ ነኝ።»

«ውይ! እኔ እኮ ወፍራም ሴትዮ ነበር የምትመስይኝ!»

«ሽማግሌው መጡ?»

«ጎረቤት አድርሷቸው በር ሳይከፈት ነው የመጡት። የዓይን ሞራ ነው፣ ይገፈፍልዎታል ተብለው ደስ ብሏቸው ሄዱ። ደግሞ ‹ያቺ ልጅ የታለች› እያሉ ሲፈልጉሽ ነበር። እዚህ አትሠራም አልኳቸው።»

ጥግ ላይ ተቀምጣ ካርዱን ስትገለብጥ ዋለች። ሠራተኞቹ «ምሳ በልተን መጣን» ብለዋት ወጡ። ሲመለሱ እንግዳ ተቀባይዋ ፊቷን አየት አድርጋ «ዓይንሽ ደም መስሏል። ሐኪሙ ሰው አልያዘም፣ ለምን አትታይም?» አለቻትና መመዝገብ ጀመረች።

«የቅርብ ተጠሪ?»

«እለፊው።»

«ቅጹ አያሳልፈኝም እኮ፤ ቀይ ያበራብኛል። አንቺው አይደለሽ እንዲህ የሠራሽው?»

እሷው ነበረች። ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና ለእህቷ ደወለች።

«ምነው? ምን ሆንሽ?» አለች እህቷ ሰላም እንኳ ሳትል።

«ምንም። የዓይን ሐኪም ዘንድ ነኝ። ተጠሪ ሲሉኝ ያንቺን ቁጥር ልስጥ ብዬ።»

«ይሄም ማስፈቀድ ሆነ? ስጪያ!» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምሳ በልተሻል?»

«አልበላሁም።»

እህቷ እንደ ድሮው ተቆጣቻት። ከወዲያ ልጅ አለቀሰና «እደውልልሻለሁ» ብላ ዘጋች።

በዚያ ቀን አልደወለችም። በሳምንቱ ግን ደወለች፤ መነጽር እንደታዘዘላት ስትሰማ «አድርገሽው ፎቶ ላኪልኝ፣ ልይሽ» አለች። ኮምፒውተሯ ራሷን ፎቶ ካነሣች ቆይታለች። ስታነሣው ከኋላዋ ግድግዳው ባዶ ሆኖ ታየባት። ትንሽ አመነታችና እንዳለ ላከችው።