ጋሽ ይመር የዋሹልኝ ቀን

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ... ደሴ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ብርቱካን የያዘ ፌስታል አንጠልጥዬ የአልጋ ቁጥር እያየሁ ስሄድ፣ ጋሽ ይመር ቀድመው አዩኝ። አፍንጫቸው ላይ የኦክስጅን ቱቦ ተሰክቷል። እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው ጠሩኝ።

«መጣሽ ልጄ? ከኮምቦልቻ ድረስ?»

ይቺን ለማለት ሦስት ጊዜ ነው የተነፈሱት።

ጋሽ ይመር ዘመዴ አይደሉም። እኔ ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ እሳቸው ደንበኛዬ ናቸው። ደሴ ዙሪያ ወፍጮ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ነው ያረጁት፤ የዱቄቱ ብናኝ ሳንባቸውን ጨረሰው። የደጋው ብርድ አላስተነፍስ ሲላቸው፣ ኮምቦልቻ ሞቅ ይላል ተብሎ ልጃቸው ዘይነብ ጋ ወረዱ።

መጀመሪያ የመጡ ቀን ባንኮኒውን ተደግፈው ብዙ ቆዩ። ደረታቸው ውስጥ የሆነ ነገር ያፏጫል።

«ያ አክታ ደግሞ አረንጓዴ ሆነብኝ ልጄ። ያችን ቀይና ቢጫ ካፕሱል ስጭኝ።»

«ማዘዣ አለዎት አባባ?»

«ወረፋው እስኪደርሰኝ በቁሜ አልቃለሁ እኮ!»

ሰጠኋቸው። በሦስተኛው ቀን እየሳቁ መጡ፤ አክታው ነጣ፣ ትንፋሻቸው ተመለሰ። «አልሐምዱሊላህ፣ እጅሽ መድኃኒት ነው» አሉኝ። የቀረውን ካፕሱል ምን እንዳደረጉት ስጠይቃቸው፣ «ለሌላ ቀን ብዬ ቋጥሬዋለሁ» አሉ።

ያኔ መቆጣት ነበረብኝ። ተምሬዋለሁ እኮ... ተጀምሮ የሚቋረጥ አንቲባዮቲክ ምን እንደሚያደርግ ተፈትኜ ያለፍኩበት ነው። ግን እሸት ይዘውልኝ መጥተው ነበር። ፊታቸውም በርቶ ነበር። «በሚቀጥለው ጊዜ እስከ መጨረሻው ይጨርሱት» አልኩና እሸቱን ተቀበልኳቸው።

በሚቀጥለውም ሰጠኋቸው። ከዚያም በኋላ። ወር በገባ ቁጥር ማለት ይቻላል። በኋላ በኋላማ ከሩቅ ሳያቸው ካፕሱሉን ከመደርደሪያው አውርጄ እጠብቃቸው ጀመር። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ። እየቆየ ግን በሦስት ቀን ይሻላቸው የነበረው ሳምንት መፍጀት ጀመረ፣ ከዚያ ጭራሽ አልሻል አለ... ዘይነብ ደሴ ወስዳ ሆስፒታል አስተኛቻቸው።

ወደ ሐሙሱ ልመለስ። ብርቱካኑን ገና ሳላስቀምጥ ሐኪሙ ገባ። ወጣት ነው፣ እንቅልፍ ያጣ ፊት። የአክታ ምርመራ ውጤት ይዟል።

«አባባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ አይደብቁኝ። አንቲባዮቲክ ከየት እያገኙ ነው የሚወስዱት?»

እኔ ከራስጌያቸው ቆሜያለሁ። ፌስታሉ እጄ ላይ ከበደኝ። ጋሽ ይመር ቀና ብለው አዩኝ... ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሩ።

«ከገበያ ነው ልጄ። ሰውየውን አላውቀውም።»

ሐኪሙ ራሱን ነቅንቆ ወጣ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አላህ ይማረኝ... በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለው ደግሞ፣ «አብሽሪ ልጄ፣ እንጀራሽ ነው።»

ፌስታሉን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥኩ። ወጥቼ ሐኪሙን ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ደረስኩበት።

«እኔ ነኝ» አልኩት። «እኔ ነኝ የምሸጥላቸው። ያለ ማዘዣ።»

ቆሞ ብዙ አየኝ። እንዲጮህብኝ ፈልጌ ነበር። አልጮኸም።

«የሳንባቸው ቧንቧ ለዓመታት ተቆጥቶ ያበጠ ነው» አለኝ። «ባክቴሪያው እዚያ ቤቱን ሠርቷል። መድኃኒቱን ጀምረው በተዉ ቁጥር ደካማው ይሞታል፣ ጉልበተኛው ይቀራል። አሁን የቀረው እኛ ያለንን መድኃኒት የማይፈራው ነው። እሱ በቆየ ቁጥር ደግሞ ቧንቧው ይብስ ያብጣል።»

«ሌላ መድኃኒት የለም?»

«እየፈለግን ነው። የሚደርስላቸው ግን አይመስለኝም።» ቀጥሎም፣ «መድኃኒቱን ከማን ይወስዱ እንደነበር ለልጃቸው ትነግሪያታለሽ?» አለኝ።

«እነግራታለሁ» አልኩ።

ተመልሼ ብርቱካን ላጥኩላቸው። አንዷን ፍልቃቂ ለመዋጥ ሲታገሉ ጀርባቸውን ይዤ ቆየሁ።

እሑድ ጠዋት አረፉ።

ማክሰኞ ለቅሶ ልደርስ ዘይነብ ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ምን ብዬ እንደምጀምር ሳስብ ነበር። ገና በሩ ላይ ስታየኝ ተነስታ አንገቴን አቀፈችኝ፣ ለተቀመጡትም ዞራ፣

«ይቺ ናት እቺ... አባቴን ሁለት ዓመት ያቆየችልኝ! አላህ ጀዛሽን ይክፈልሽ እህቴ!» አለች።

ቤቱ ሙሉ ሰው ዓይኑን እኔ ላይ ጣለ። አፌን ከፈትኩ...

«አሜን» አልኩ። አሜን ማለት እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።